ዜሮ ዜሮ እያላችሁ ኮራሌን ፈጃችሁት

ትናንት ሌሊት ዘጠነኛዋን ቀንድ አውጣ ከዓሣ ገንዳዬ አሸዋ ላይ አነሳኋት። በጀርባዋ ተንጋላ ነበር። አቃንቼ መስታወቱ ላይ ባስጠጋት አልያዘችም። አሸተትኳት፤ ሞታለች። የሞተ ቀንድ አውጣ ጠረን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሁለቴ ማሽተት አያስፈልግም። አንጀቴ አረረ። እስከ ዛሬ ችዬ ነበር፤ አሁን ግን ልናገር።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሳሎኔ ውስጥ 40 ጋሎን፣ 150 ሊትር ገደማ የሚይዝ የባሕር ውሃ ገንዳ አለኝ። ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦች፣ ጎቢ የሚባል አንድ ትንሽ ዓሣ፣ ዞአንተስ የሚባሉ ጥቂት አበባ መሳይ ፍጥረታት፣ ከሁሉም የምወደው ደግሞ አንድ ሀመር የሚባል ኮራል። ሦስት ዓመት ሆነው። እናቴ በልጅነቷ ምጽዋ ኖራለች። ከውሃው በታች ስላለው አበባ የመሰለ ድንጋይ ስታወራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ገንዳውን የገዛሁት በእሷ ወሬ ነው። ስለዚህ "ዓሣ እኮ ነው፣ ምን ያስጨንቅሃል?" የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ተዉኝ። ያስጨንቀኛል።

ነገሩ የጀመረው በፀጉራሙ አረንጓዴ አልጌ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩ ጥግ ላይ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስልሶ ብቅ አለ። በሦስት ሳምንት ጣት አከለ። ወረንጦ ይዤ፣ እጄን እስከ ክርኔ ነክሬ መንቀል ጀመርኩ። ሲነቀል ድንጋዩ ጭስ የመሰለ ቡናማ ቆሻሻ ይተፋል። መዳፌ ላይ ሳደርገው የራሰ ሱፍ ነው የሚመስለው። ውስጡ የሰሊጥ ፍሬ የሚያክሉ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። እነሱን አራግፌ ወደ ውሃው እመልሳለሁ፤ ምንም አላጠፉም። ቅዳሜ የነቀልኩት ረቡዕ ተመልሶ ይበቅላል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

አልጌ ያለ ምግብ አይበቅልም። ምግቡ ናይትሬትና ፎስፌት ነው። ከየት መጣ? ከምንሰጠው መኖ፣ ከዓሣው ኩስ፣ ከድንጋዩ፣ ከውሃውም። እኛ አካባቢ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ላይ ፎስፌት ሆን ተብሎ ይጨመራል። የቧንቧው እርሳስ ወደ ውሃው እንዳይገባ ነው፤ ዲሲ ከ2004 ጀምሮ እንዲህ ያደርጋል። ለሰው ጤና ጥሩ ነገር ነው፣ ቅሬታ የለኝም። ለኮራል ገንዳ ግን አይሆንም። ለዚህ ነው ሁላችንም አርኦ ዲአይ በሚባለው፣ የሟሟውን ሁሉ በሚያስቀር ማጣሪያ የተጣራ ውሃ የምንጠቀመው። እኔም ከሱቅ በጋሎን እየገዛሁ ነበር። አንድ ቀን ቲዲኤስ ሜትር፣ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካ መሣሪያ፣ ተውሼ ብለካው 68 አነበበ! ዜሮ መሆን ነበረበት። ዓመት ሙሉ ገንዘብ ከፍዬ የአልጌ ማዳበሪያ ስሸከም ኖሬያለሁ ማለት ነው። ማጣሪያቸውን መቼ እንደቀየሩ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ። የራሴን ማጣሪያ ገዛሁ፤ ያ አለፈ።

ከዚያ ውሃውን ለካሁ። በሊትር በሚሊግራም፣ ፎስፌት 0.22፣ ናይትሬት 25። ከፍ ብሏል፤ ግን የዓለም መጨረሻ አልነበረም። ፎስፌቱን በወር በሁለት ወር ቀስ እያሉ ወደ 0.1 እና ከዚያ በታች ማውረድ፣ ናይትሬቱን ወደ 5 ወይም 10 ማምጣት፣ በእጅ መንቀል፣ መኖ መቀነስ፤ በቃ፣ ይሄው ነበር መደረግ የነበረበት። ይሄን የነገረኝ ግን ማንም የለም። የጠየቅኩት ሁሉ ያለኝ አንድ ቃል ነው። ዜሮ! "ፎስፌትህን ዜሮ አድርገው፣ አልጌው በራሱ ይሞታል።"

ሱቁ ሁለት ነገር ሸጠልኝ። አንደኛው ጂኤፍኦ ነው፤ ፎስፌት የሚስብ ዝገት የመሰለ የብረት ፍርፋሪ። ሁለተኛው ላንታነም ክሎራይድ ያለበት ጠርሙስ። "ሁለቱን አንድ ላይ ተጠቀም፣ በሳምንት ልዩነቱን ታያለህ" አለኝ ሰውየው። ኮራል ምን ምን እንዳለኝ አልጠየቀኝም። ድንጋዬ ዕድሜው ስንት እንደሆነ አልጠየቀኝም። ቁጥሬን እንኳ አልጠየቀኝም።

እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ። አልጌ በሞላበት ገንዳ ውስጥ መለኪያው ዜሮ ቢል ፎስፌት የለም ማለት አይደለም። ገና ከመግባቱ አልጌው ይበላዋል። ድንጋዩም ፎስፌት ይዞ ይቀመጣል፤ የውሃው ሲወርድ ከሆዱ እያወጣ ይለቃል። እና እናንተ ቁጥር እያያችሁ ትደሰታላችሁ፣ ፀጉሩ ግን እዚያው ድንጋዩ ላይ ይበላል። በዚህ መሃል የሚራበው ማነው? ኮራሉ። ኮራል ሥጋው ውስጥ አብረውት የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች አሉት። ብርሃን ተቀብለው የሚመግቡት እነሱ ናቸው። እነሱም ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይፈልጋሉ። ሙሉ በሙሉ ስታሳጧቸው ኮራሉ ይነጣል።

በሦስተኛው ሳምንት ፎስፌት 0.00፣ ናይትሬት 0 ሆነ። ፀጉሩ መሳሳት ጀመረ። እኔም ደስ አለኝ፣ ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ።

ከድጡ ወደ ማጡ የገባሁት ያኔ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አሸዋው ላይ ቡናማ ነገር አየሁ። ንፍጥ የመሰለ ክር ነው፤ ጫፍ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ይዟል። በቱቦ መጠጥኩት። ማታ መብራቱ ሲጠፋ ድራሹ ጠፋ፤ አሸዋው ነጭ ሆነ። በማግስቱ ቀትር ላይ እንዳለ ተመልሷል። የልጄን የሳይንስ ማይክሮስኮፕ አውጥቼ አንድ ጠብታ አየሁ። የዱባ ፍሬ ቅርጽ ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ በአንድ ጫፋቸው እንደታሰሩ ሁሉ ባሉበት ይሽከረከራሉ። ኦስትሪዮፕሲስ። ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው፤ እኛ ዳይኖ የምንለው። ልጄ "ያምራሉ" አለችኝ። ምን ልበላት?

ዳይኖ የሚገባው እንዲህ ባዶ በተደረገ ቤት ነው። ናይትሬትና ፎስፌት ሲጠፋ ሌላው አልጌና ባክቴሪያ ይራባል፣ ቦታውን ይለቃል። ዳይኖው ግን ብርሃንም ይጠቀማል፣ ሌሎች ጥቃቅን ነፍሳትንም ይበላል። ስለዚህ ሜዳው ለብቻው ይሆናል። ኦስትሪዮፕሲስ ደግሞ መርዝ አለው። ቀንድ አውጣዎቼ የሚያልቁት እሱን እየጋጡ ነው። አረንጓዴውን የሚበሉልኝ ሠራተኞቼ እነሱ ነበሩ። ሀመሬ ስድስት አፍ ነበረው፤ አንድ ጠዋት የአምስቱ ሥጋ ከአጥንቱ ለቅቆ እንደ ራሰ ወረቀት ሲንሳፈፍ አገኘሁት። ሦስት ዓመት እንደ ዓይኔ ብሌን ያሳደግኩት ኮራል!

ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሌላ ጠርሙስ። "የቆሻሻ አልጌ ሁሉ መድኃኒት" የሚል ተጽፎበታል። ሁሉ ማለት ምን ማለት ነው? ፀጉራሙ ሌላ፣ ብራዮፕሲስ ሌላ፣ ክቡ አረፋ ሌላ፣ ዳይኖ ሌላ። ቀዩ ሳያኖማ ጭራሽ ባክቴሪያ ነው፤ ለእሱ ከሚሸጡት አንዳንዱ ኤሪትሮማይሲን አለበት። አንቲባዮቲክ ነው እኮ! ጥሩውን ባክቴሪያ ከመጥፎው አይለይም። ምን እንደያዛችሁ ሳይታወቅ መድኃኒት ወደሚያዝላችሁ ሐኪም ትመለሳላችሁ?

ትልቁ ባሕር ይሄን ጉዳይ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1983 ፓናማ አካባቢ ረጅም እሾህ ያለው ጥቁር የባሕር ጃርት መሞት ጀመረ። በሽታው በዓመት ገደማ ውስጥ ካሪቢያንን አዳረሰ፣ ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆነውን ፈጀ። ጃማይካ ላይ አልጌ ጋጩ ዓሣ ቀድሞውኑ በመረብና በወጥመድ አልቆ ነበር፤ የቀረው ጋጭ ጃርቱ ብቻ ነበር። 1980 ላይ ደግሞ ከባድ ማዕበል ኮራሉን ሰባብሮታል። ጃርቱ ሲሞት አልጌው የሚከለክለው አጣ። ከግማሽ በላይ የባሕሩን ወለል ሸፍኖ የነበረው ኮራል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ 5 በታች ወረደ። ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ገንዳዬን የማየው በሌላ ዓይን ነው። ጋጩን ገድዬ ጠርሙስ ስገዛ ነበር።

ጋጭ ስትሉም ይሸውዷችኋል። አንዱ ሻጭ ሐምራዊ ታንግ የሚባል አልጌ የሚግጥ ዓሣ ሊሸጥልኝ ነበር። የቀይ ባሕር ዓሣ ነው፣ እናቴ የምትናፍቀው ባሕር ልጅ፤ ሳየው ልቤ ደንግጦ ነበር። ግን ሲያድግ 25 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ቀኑን ሙሉ የሚዋኝ ነው። 40 ጋሎን ለእሱ እስር ቤት ነው። "ሲያድግ ትመልሰዋለህ" አለኝ ሻጩ። አልገዛሁም። ትልልቁን የሜክሲኮ ቱርቦ ቀንድ አውጣም በርካሽ ይሰጧችኋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የለመደ ነው፣ በ26 ዲግሪ ብዙ አይቆይም። ሲሞት ድንጋይ ሥር ተሸጉጦ ይበሰብሳል፣ ፎስፌቱን መልሶ ይሰጣችኋል። ትሮከስ የሚባለውን ቀንድ አውጣ ግዙ። ሲገለበጥ ራሱ ይነሳል፣ ገንዳ ውስጥም ይራባል።

አሁን ጂኤፍኦውን አውጥቼ ጥያለሁ። ላንታነሙን ዘግቻለሁ። በየቀኑ ናይትሬትና ፎስፌት እየለካሁ በጠብታ እጨምራለሁ። አዎ፣ ለመጨመር ብዬ ገዛሁ! ማታ ማታ ዳይኖው ከአሸዋው ተነስቶ ውሃው ውስጥ ሲበተን የሚገድለው ዩቪ መብራት ገጥሜያለሁ። ዛሬ ፎስፌት 0.06፣ ናይትሬት 7። ቡናማው ትንሽ ቀንሷል። ግራ ድንጋይ ላይ አረንጓዴው ፀጉር እንደገና ብቅ ብሏል፤ ሳየው እውነቴን ነው ደስ አለኝ። እሱን በወረንጦዬ እችለዋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዲሲ ያላችሁ ልጆች፣ አምስት ስድስት ዓመት የቆየ ጤነኛ ገንዳ ካላችሁ አንድ ጭልፋ አሸዋ ስጡኝ። ውስጡ ያለውን ሕይወት ነው የምፈልገው። ትሮከስ ከተራባላችሁም አምስት ስድስት ከእናንተ እገዛለሁ፤ የማስገባቸው ግን አሸዋው ሲጠራ ነው፣ እስከዚያ ያዙልኝ። ከእኔ ገንዳ ምንም አትውሰዱ፣ አሁን ድንጋይም ኮራልም አልሰጥም፤ ዳይኖው ይተላለፋል። ስትመጡ የሀመሬን የቀረች አንድ አፍ አሳያችኋለሁ። ዛሬ ከሰዓት ከፈተች።