ንፋስ ዘመድ የለውም

ማክሰኞ ጠዋት ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያለ የሦስት ሰው ወንበር ላይ አራት አድርጎናል። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ ይስላል። ከሥር ተቆፍሮ የሚወጣ ዓይነት ሳል ነው። አንዴ ሳለ፣ ዝም አልኩ። ሁለቴ ሳለ፣ ማጅራቴን ሞቅ አለኝ። በሦስተኛው እጄን ሰድጄ መስኮቱን ሳብኩት። የተከፈተችው አንድ ስንዝር ብትሆን ነው።

ታክሲው በሙሉ ተነሳብኝ።

"ልጄ፣ ዝጋው እንጂ! ንፋስ ይመታናል!" አሉ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ እናት። በሩን ከፍቶ ግማሽ አካሉን ውጭ አንጠልጥሎ የሚሄደው ረዳት እንኳ ሳይቀር "አባቴ፣ ሕዝቡን አታስመታ" አለኝ። ሰውዬው ደግሞ ይባስ ብሎ "እኔን እኮ እንዲህ ያደረገኝ እሱ ንፋስ ነው" አለና እጁን በትከሻዬ ላይ አሳልፎ ራሱ ዘጋው። ዘግቶ ሲያበቃ ሳለ።

እኛ ዘንድ ንፋስ ያልተከሰሰበት በሽታ የለም። አንገት ቢያዝ ንፋስ ነው። ሆድ ቢነፋ ብርድ ነው። ወገብም ብርድ፣ ኩላሊትም "ብርድ ገብቶት" ነው። ሮበርት ኮክ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም የሳንባ ነቀርሳን (የቲቢን) ባክቴሪያ አገኘሁ ብሎ በርሊን ላይ ሲናገር ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 1882 ነበር። ዜናው መገናኛ ገና አልደረሰም። ቲቢ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በትንፋሽና በሳል ነው። በተዘጋ ቤት አየሩ ላይ ተንሳፎ ይቆያል፣ መስኮት ሲከፈት ይበተናል። የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ ይበዛባቸዋል ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ደግሞ የእኛዋ ናት። ይኼን የሚያውቅ የለም እንዳልል፣ የሚያውቁትንም አይቻለሁ። አንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ "መስኮት ይክፈቱ" የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ አነበብኩ። ከሥሩ ያለው መስኮት በሚስማር ተመቷል።

ምችን ካነሳን አይቀር (ማንም አላነሳውም፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት) ከአክስቴ ጋር ያልተወራረደ ሒሳብ አለኝ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ከንፈሬ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ወጣ። ቫይረስ ነው፤ ሰውነት ደከም ሲል ይነሳል፣ በሳምንት በአሥር ቀን በራሱ ይድናል። አክስቴ ግን ገና ከበር ስታየኝ "ምች!" አለች። ምሳ በልቼ ፀሐይ ላይ ኳስ ስጫወት መታኝ ማለት ነው። ዳማከሴ ከጓሮ ተቆረጠ፣ ታሸ፣ ተጨመቀ። ግማሹ በአፍንጫዬ ገባ፣ ግማሹን በቡና ጠጣሁ። ከዚያ ጋቢ። ከጋቢው ላይ ብርድ ልብስ። በርና መስኮት ጥርቅም። ሦስት ቀን! ቅዳሜ ከታችኛው ሰፈር ጋር ግጥሚያ ነበረን፣ በረኛው ደግሞ እኔ ነኝ። አምስት ለባዶ ተሸነፍን። እኔ ብኖር ሁለቱን አድን ነበር። ሦስቱንም ሊሆን ይችላል።

እናቴ ጤና ጣቢያ ልውሰደው ብትል አክስቴ "ምች መርፌ አይወድም፣ ልትገድይው ነው?" ብላ አስቀረቻት። የእኔስ ከንፈር ነው። ግን እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉት በሽታዎች ዋነኛውን በአማርኛ ምን ብለን ጠራነው? የሳንባ ምች! ከመዝገበ ቃላቱ ሁሉ ቃል ጠፍቶ ምች! እንግዲህ እናት ሆናችሁ ስሙት። ልጅሽ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ደረቱ ይሰረጉዳል። ሐኪሙ "የሳንባ ምች ነው" አለሽ። ምች ከሆነማ ዳማከሴው ጓሮ አለ፣ መርፌም አይወድም። ያንን ስም የሰጠው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ከአክስቴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ጋቢ አልብሼ እዘጋባቸው ነበር።

ወደ ታክሲው ልመለስ ነው። ግን መጀመሪያ አንድ የምወደው ተረት አለኝ፤ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚል። ይኼን ተረት የማይተርት ሽማግሌ የለም። ተርቶ ሲያበቃ የራሱን በሽታ የሚናገር ሽማግሌ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። አጎቴ ስኳሩን ለአራት ዓመት ደብቆ፣ ድግስ ላይ "እምቢ አይባልም" እያለ ጠጁን ሲጨልጥ ነው የኖረው። ቀብር ሄዳችሁ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የት እንደተወለዱ ይነገራል፣ እስከ አውራጃና ወረዳው። ስንት ልጅና ስንት የልጅ ልጅ እንዳዩ ይነገራል። በምን እንደሞቱ ሲደርስ "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው" ይባልና ይታለፋል። ምን ሕመም? እድርተኛው በሙሉ ቆሞ ይሰማል፣ አንድ ሰው አይጠይቅም። ደም ግፊት ይሁን ጉበት ይሁን ሳንባ ሳይታወቅ በሽታው አብሮ ይቀበራል። ልጆቹም ተመርምረው እንደሆነ እንጃ። ምን ተብለው ይመርመሩ? "ያደረብንን እዩልን" ብለው?

አየርን የማናስብ ሕዝብ ነን ማለቴም አይደለም። እንዲያውም አየር ለማጽዳት ቀን የቆረጥን ሰዎች ነን። በ1911 ዓ.ም. ያ ክፉ ጉንፋን አዲስ አበባ ሲገባ ወሩ ኅዳር ስለነበር "የኅዳር በሽታ" ተባለ። ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነው የተረፉት። ይኸው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን እናጥናለን። የፕላስቲኩና የጎማው ጭስ ሰፈሩን ይሸፍነዋል፣ አስም ያለበት ሁሉ ይታፈናል። ጭሱ እንዳይገባ ደግሞ መስኮት እንዘጋለን። መስኮቱ ከተዘጋ ዘንድ ቡና ይፈላል፣ ከሰሉ ላይ እጣን ይጨመራል። እንግዳ ዓይኑ እያለቀሰ "እንዴት ደስ ይላል" ይላል።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳክቶልን ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር አገሩ ተደናገጠ። ታክሲ በግማሽ ጫነ፣ ሒሳቡ እጥፍ ሆነ። ያኔ መስኮት ስከፍት ተመርቄአለሁ። "ተባረክ ልጄ" ያሉኝ አሉ። ንፋሱ ለጥቂት ወራት መምታቱን አቁሞ ነበር መሰለኝ።

ለምን እንደሆነ ሳስበው ነገሩ ንፋሱ አይደለም። ሰውዬውን "ወንድሜ፣ ስትስል አፍህን ሸፍን፣ ሁለት ሳምንት ካለፈው ተመርመር" ማለት ማን ይችላል? ሰው መጸየፍ ነዋ! አሳዳጊ የበደለው ትባላለህ። ጎንህ የተቀመጠ ሰው እናት አለው፣ ሰፈር አለው፣ ምናልባትም የሚስትህ ዘመድ ነው። ንፋስ ግን ዘመድ የለውም። ብትሰድበው የሚቀየምህ የለም፣ ሽማግሌ አይልክብህም። ስለዚህ በሽታውን ሁሉ እሱ ላይ እናላክካለን፣ ከዚያም በይሉኝታ ተቃቅፈን አንዳችን የሌላውን ትንፋሽ እየሳብን አራት ኪሎ እንደርሳለን።

ልል የነበረው ሌላም ነበር፤ ሆስፒታል ስለሚጠይቁ አሥራ አራት ሰዎችና ስለ ብርቱካናቸው። ግን ወራጅ አለ።

ባጭሩ፣ ታክሲው ቀበና ላይ ሲደርስ እናትየው ወረዱ፣ እኔም ጊዜ ሳላጠፋ መስኮቱን መልሼ ከፈትኩት። ሰውዬው አጉረመረመ። አልሰማሁትም። አራት ኪሎ ድረስ ንፋሱን በግራ ጆሮዬ እየጠጣሁ በኩራት ሄድኩ።

ረቡዕ ጠዋት ስነሳ አንገቴ አልዞር አለኝ።

እናቴ ቁርስ ይዛ ስትገባ ቆም ብላ አየችኝ።

"አንገትህን ምን አገኘው?"

"ትራሱ ነው።"

"የቱ ትራስ? ትናንት ታክሲ ውስጥ የት ነበር የተቀመጥከው?"

"መሃል" አልኳት።

ምንም አላለችም። ቅቤ ላሙቅልህ ብላ ወጣች። ስትወጣ መስኮቱን ዘግታው ሄደች።