ሕግ የጠበቀው የልጆች ጩኸት

ጀርመን ጩኸት የማይወድ አገር ነው። እሑድ ቀን ግድግዳ መብሳት ያስወቅሳል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሙዚቃ ያስጮኸ ሰው መጀመሪያ የጎረቤት ማስታወሻ፣ ካልታረመም ፖሊስ በሩ ላይ ያገኛል። የእኛ ሰው ለክርስትናው አዳራሽ የሚከራየው ለእንግዳው ብዛት ብቻ ብሎ አይደለም። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 የፌዴራል ሕግ ተሻሽሎ፣ ከሕፃናት መዋያና ከመጫወቻ ስፍራ የሚወጣ የልጆች ድምፅ በመርህ ደረጃ እንደ ጎጂ ብክለት እንዳይቆጠር ተደነገገ። ቀደም ሲል «ልጆቹ ረበሹን» ብለው መዋያ የከሰሱ ጎረቤቶች ነበሩ። አሁን የፋብሪካ ድምፅ የሚለካበት መስፈርት ለልጅ ሳቅ አይሠራም። ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት አዲስ ሕንፃ ሲሠራም የልጆች መጫወቻ እንዲኖረው በአብዛኛው የግንባታ ደንቡ ያስገድዳል።

የልጅ ጤና ሲባል ሐኪም ቤትና ሽሮፕ ቀድሞ ለሚታየን ለእኛ ይህ ሕግ ከጤና ጋር ምን አገናኘው ሊባል ይችላል። እኔ ግን ልጅ ጤናው የሚጠበቀው ሮጦ ሲጫወት ነውና ከጤና ጥበቃ ሕግ ለይቼ አላየውም።

አዲስ አበባ ስሄድ የማርፍበት ዘመዴ ቤት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ግቢው ሰፊ ነው፤ ስፋቱን የያዙት ግን መኪኖች ናቸው፤ ግማሾቹ ሸራ ለብሰው ወር ሙሉ ከቦታቸው አይነቃነቁም። በአጥሩ ላይ በቀይ ቀለም «ኳስ መጫወት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ጥበቃው ዱላ ይዞ ይዞራል፤ ሌባ አባሮ እንደሆነ አላውቅም፤ ልጅ ሲያባርር ግን አይቻለሁ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ኮሚቴው ነው ያዘዘኝ» አለ። የተባረሩት ልጆች የት ሄዱ? ደረጃው ላይ ተደርድረው በአንዲት ስልክ ላይ አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ጥበቃውም ኮሚቴውም ወላጅም ደስ አላቸው፤ ግቢው ጸጥ አለ። እኛ አኩኩሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ ብይ እያልን ፀሐይ እስክትጠልቅ የዋልንበት ከተማ ነው። የየግቢው ኮሚቴ ስለ ውኃ ፓምፕና ስለ ጥበቃ ደመወዝ ሲሰበሰብ፣ አንዱን ጥግ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ለልጆች ቢለቅቅ መኪናው ቅር አይለውም።

እውነቱን ለመናገር በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማቱ በየመንገዱ ዳር የልጆች መጫወቻና አነስተኛ የኳስ ሜዳዎች ተሠርተዋል፤ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ ብቻውን አውራ መንገድ ተሻግሮ አይሄድም። ልጅ የሚጫወተው እናቱ በመስኮት ጠርታ በምትደርስበት ቦታ ነው።

ከዚህ ከጀርመን ስሄድ ደግሞ የሚላክብኝ ትእዛዝ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ለልጆች ቫይታሚን አምጣልን። እዚህ ሐኪሞች ለሕፃናት ቫይታሚን ዲ የሚያዙት በአብዛኛው ልጆቹ በቂ ፀሐይ ስለማያገኙ ነው። የ13 ወር ፀጋ ባለበት አገር ልጁን ሳሎን ቆልፎ የፀሐዩን ምትክ በጠርሙስ ከፍራንክፈርት ማስመጣት ግን ለእኔ አይገባኝም።

የትምህርት ቤቱም ነገር ያው ነው። ጀርመን ውስጥ ልጅ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት የጤና ቢሮ ሐኪም ታየዋለች። አንድ ወዳጄ ፈተና መስሎት ልጁን እስከ መቶ ቁጥር አስቆጥሮ፣ ፊደሉን አስጠንቶ ወሰደው። ሐኪሟ ልጁን በአንድ እግሩ አቆመችው፤ ወዲያና ወዲህ አዘለለችው፤ ሰው እንዲሥል አደረገችው፤ ዓይኑንና ጆሮውን መረመረች፤ በቃ። መቶውን ቁጥር የጠየቀው የለም። ወዳጄ እስካሁን ይቆጨዋል። አዲስ አበባ ግን ለመዋዕለ ሕፃናት ምዝገባ ልጅ በእንግሊዝኛ እንዲቆጥር የሚጠየቅበት ቦታ አለ። ከዚያ የቤት ሥራ፣ ከዚያ አስጠኚ፣ ከዚያ «ስንተኛ ወጣህ?» ይከተላል። በጠባብ ሰርቪስ ተጠቅጥቆ ሲመለስ መሽቷል። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች በተከራዩት ቪላ ውስጥ ሜዳ ከየት ያምጡ? የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜው ሰሌዳ ላይ ማስታወሻ ሆኖ ይገለበጣል፤ ስለ ሩጫ ጥቅም እየጻፉ መቀመጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። በዚህ በኩል ሰፊ ሜዳ ያላቸው አሮጌዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይሻላሉ። በዚያ ላይ አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ቁርስና ምሳ ትመግባለች። ሀብታሟ ጀርመን ውስጥ የትምህርት ቤት ምሳ በአብዛኛው በክፍያ ነው፤ በርሊን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉት በነፃ ማድረግ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

እዚህ ጀርመን የውኃ ዋና ትምህርት ነው፤ የምር ትምህርት። ልጆቹ የመጀመሪያዋን «የባሕር ፈረስ» የምትባል ዓርማ ለማግኘት ከገንዳው ጠርዝ ዘለው ገብተው 25 ሜትር መዋኘትና ትከሻቸው ድረስ ካለ ውኃ ሥር ዕቃ ማውጣት አለባቸው። አራተኛ ክፍል ሲደርሱ ፖሊስ መጥቶ ብስክሌት ያስፈትናቸዋል። የእኛ እናቶች በዋና ቀን ሲጨነቁ ማየት ነው፦ «ፀጉሯን ትናንት ነው የተሠራችው»፣ «ብርድ ይመታዋል»። አስተማሪዋ ግን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ የቀረባት ያህል ትደውላለች።

እንዲህ ስል ጀርመን የሚያድግ ልጅ ሁሉ ደህና ነው ማለቴ አይደለም። የእኛ ልጆች አካላቸው እየዋኘ ልባቸው የሚከብድበት ጉዳይ አለ፤ ብዙም አናወራለትም። አባት አውሮፕላን ማረፊያ የሌሊት ፈረቃ ነው፤ እናት ከንጋቱ በፊት ቢሮ ልታጸዳ ትወጣለች፤ ልጅ ቁልፍ በአንገቱ አንጠልጥሎ ባዶ ቤት ይገባል። ሲገባ የሚጠብቀው ደብዳቤ ነው። ከሥራ ቢሮ፣ ከቤት አከራይ፣ ከጤና መድን። ቤቱ ውስጥ ጀርመንኛ አጥርቶ የሚያነበው እሱ ነውና የአሥር ዓመቱ ልጅ «ካልከፈላችሁ ከቤት ትወጣላችሁ» የሚለውን ለእናቱ ያነብላታል። ሐኪም ዘንድ አብሯት ገብቶ የማኅፀን ሕመሟን የሚያስተረጉምም አለ። ከዚያ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለው «ልጅ ምን ሐሳብ አለበት?» ይባላል። አገር ቤት ቢሆን ቢያንስ አያት አለች፤ የጎረቤት እትዬ እከሌ አለች፤ ፊቱን አይታ «ምን ሆነሃል አንተ?» የምትል። እዚህ ደግሞ ያቺን ጥያቄ የምትጠይቀው የትምህርት ቤቱ ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት። ወላጅ ግን እሷን ይፈራታል፤ የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ልጄን ይወስድብኛል ብሎ። ስለዚህ ልጁን «የቤታችንን ነገር ውጭ እንዳታወራ» ብሎ አስጠንቅቆ ይልከዋል። ፈርቶ ነው፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን የልጆች የሥነ ልቦና ሐኪም ቀጠሮ እዚህም ወራት ያስጠብቃል፤ በጊዜ ያልተነገረ ነገር ወረፋው ላይ ይብሳል። ጠበል መሄዱም መጸለዩም ሐኪሙን አይከለክልም።

ደብዳቤውን ካነሳን፣ ከነዚያ ወረቀቶች መካከል ሳይነበብ መሳቢያ የሚገባ አንድ አለ። ገቢያቸው አነስተኛ ሆኖ የመንግሥት ድጎማ ለሚያገኙ ቤተሰቦች፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የስፖርት ክለብ ወይም የሙዚቃ ትምህርት ክፍያ የሚውል በወር 15 ዩሮ ይሰጣል። ብዙ የሰፈር የኳስ ክለብ ልጁን በዚያ ገንዘብ ይመዘግባል። የሚያስፈልገው ቅጽ ነው፤ ቅጹን ደግሞ ያንኑ ልጅ ማስሞላት አይገባም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቡና ሲፈላ፣ ወሬው አዲስ አበባ ስለሚገዛ ቤት ሲሆን፣ ጀርመንኛ የሚችሉ ቢያንስ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የሁሉም ልጆች ቅጽ ተሞልቶ ያልቃል።