ሽሮፕም መድኃኒት ነው

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ተናድጄ ነው። ክኒን ሲሆን ስንት ፍሬ፣ በቀን ስንቴ ብለን እንጠይቃለን። ሽሮፕ ሲሆን ግን ስለሚጣፍጥ ብቻ እንደ ጭማቂ እንቀዳዋለን። ልጁን ወደ ላይ አለው? ከጎረቤት የተረፈ ጠርሙስ ይመጣል። እማማ ምሳቸውን መለሱት? «አንድ ማንኪያ ስጧቸው» ይባላል። የትኛው ማንኪያ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

መድኃኒት ቤት የሻይ ማንኪያ ሲላችሁ 5 ሚሊ ሊትር ማለቱ ነው። የሾርባ ማንኪያ 15 ነው። ሁለቱን ካምታታችሁ በስህተት ሦስት እጥፍ ሰጣችሁ ማለት ነው። ደግሞ የቤታችን ማንኪያ ሁሉ ልኩ የተለያየ ነው። ከጠርሙሱ ጋር የመጣውን መለኪያ አትጣሉት። ከጠፋ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ግዙ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ለሕፃን በጉንጩ በኩል ቀስ አድርጋችሁ የምትሰጡበት እሱ ነው። ሽሮፑን ወደ ሃይላንድ ፕላስቲክ አትገልብጡት። ስሙም፣ መጠኑም፣ የሚያበቃበት ቀንም ያለው ጠርሙሱ ላይ ነው።

አሁን በጣም ወደሚያስቆጣኝ ልምጣ። ብዙዎቻችን ፕላዚል የምንለው የትውከት ማስታገሻ፣ ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለልጅ በግምት የሚሰጥ አይደለም። መጠኑ የሚሰላው በልጁ ክብደት ነው። ሲበዛ፣ አንዳንዴም በልኩ ተሰጥቶ፣ የልጁ አንገት ይጠመዘዛል። ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋው ይቆለፋል። ይህን ያየች እናት ቡዳ በላብኝ ብትል አልፈርድባትም፤ በጣም ያስፈራል። ጠበሉንም አትተዉ፣ መጀመሪያ ግን ሆስፒታል ውሰዱት። ይህን የሚፈታ መርፌ አለ፤ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ልጁ ወደ ራሱ ይመለሳል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህ መድኃኒት ከ1 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ፣ ለሌላውም ከ5 ቀን እንዳያልፍ ያሳሰበው ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሮሜታዚን የሚባለው ሌላው የትውከት ማስታገሻም ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ክልክል ነው። ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ለሚያስመልሰው ሕፃን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሽሮፕ ሳይሆን ኦአርኤስ፣ ማለትም በውኃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት ነው። ፓኬቱ ላይ 1 ሊትር ካለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡት፤ አታቅጥኑት፣ አታወፍሩት። በትንሽ በትንሹ አጠጡት። ቢመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። ጡትም አይቋረጥ። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት።

ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሄዱም አይቻችኋለሁ። ከሰዓት ነፋሱ ተነስቶ ጣና መናወጥ ሲጀምር አንድ የሽሮፕ ጠርሙስ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ለጉዞ ማቅለሽለሽ የሚሆነው መድኃኒት ከመነሳት ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው የሚወሰደው። ፕላዚል ደግሞ ለጉዞ እምብዛም አይረዳም። የሚረዱት አብዛኞቹ እንቅልፍ ያመጣሉ። ባጃጅ የምትነዱ፣ ጀልባ የምትይዙ ልጆች፣ እሱን ወስዳችሁ መሪ አትጨብጡ። አረቄም አትድገሙበት።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ሽሮፕ ብዙ ጊዜ ስኳር አለበትና ስኳር የሌለውን ጠይቁ። ነፍሰ ጡሮች፣ ስለ እርግዝናችሁ ሳትናገሩ ምንም አትግዙ።

ከማቅለሽለሹ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለ ግን ማስታገሻ አትፈልጉ። የምንኖረው ወባ ባለበት አገር ነው። ሽሮፑ ትውከቱን ለአንድ ቀን ቢያቆምም ወባው ሥራውን ይቀጥላል። ደም ተመርምሩ፣ ያውም በዚያው ቀን። ትውከቱ ደም ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ልጁ ሽንት ካልሸና፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘባችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂዱ። ጠርሙሱን ያዙ። ስንት ሚሊ ሊትር፣ በስንት ሰዓት እንደሰጣችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። የጎረቤት መድኃኒት ነው ብላችሁም አትደብቁ።