መሪ መቀየር ብቻውን የትም አያደርስም
«የብሪታንያ ወግ አጥባቂዎች እ.ኤ.አ. በ2024 የተሸነፉት በደንብ ቀኝ ዘመም ስላልሆኑ ነው» የሚለው፣ አንድ ጽሑፍ ያነሳው ሐሳብ ግማሹን ታሪክ ይዘለዋል። አዎ፣ ከእነሱ ይበልጥ ቀኝ ዘመም የሆነው የናይጄል ፋራጅ ፓርቲ፣ ሪፎርም ዩኬ፣ ብዙ ድምፅ ነጥቋቸዋል፤ ይሄን ማንም አይክድም። ግን በዚያ ምርጫ ሪፎርም ያገኘው 5 መቀመጫ ነው። የመሃል ፓርቲ የሆኑት ሊበራል ዴሞክራቶች 72 ወሰዱ፤ አብዛኛውን ከወግ አጥባቂዎቹ እጅ፣ ያውም ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ለዘመናት የእኛ ነው ሲሉት ከኖሩት አካባቢ። ፓርቲው ወደ ፋራጅ ቢጠጋ እነዚያ መራጮች ይመለሳሉ? አይመስለኝም። «መሪ ይቀየር፣ ሁሉም ይስተካከላል» የምትለው ወንድሜ፣ ስንቱን ቀየሩ እኮ! ከ2016 ወዲህ ብቻ ሜይ፣ ጆንሰን፣ ትረስ፣ ሱናክ፣ ባዴኖክ። ለእኔ ዋናው ጣጣ አመራረጡ ላይ ነው። የፓርላማ አባላቱ እጩዎቹን አጣርተው ሁለት ያስቀራሉ፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን ተራው የፓርቲ አባል ነው። የፓርላማ አባላቱና የተራው አባል ልብ ደግሞ ለየቅል ነው። በ2001 የፓርላማ አባላቱ ኬኔት ክላርክን አስቀደሙ፣ ተራው አባል ኢያን ደንከን ስሚዝን መረጠ፤ በ2003 የፓርላማ አባላቱ ራሳቸው አወረዱት። በ2022ም ያው ነው፦ እነሱ ሱናክ ሲሉ አባሉ ትረስ አለ፤ እሷም ሥልጣን ላይ ሁለት ወር እንኳ አልሞላትም። በ2024 ደግሞ ለዘብተኞቹ ተስፋ የጣሉበት ክሌቨርሊ በፓርላማ አባላቱ ድምፅ በአንድ ዙር አንደኛ ወጥቶ በሚቀጥለው ተሰናበተ። ስለዚህ ለአባላቱ የቀረቡት ሁለቱም እጩዎች፣ ባዴኖክና ጄንሪክ፣ ከቀኙ ክንፍ ነበሩ። መሃል ላይ ያለው አባል ማንን ይምረጥ?