«ያው ነው!»

እስቲ ፍረዱኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ፣ ሁለት ሮውተር (ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ለቤቱ የምታከፋፍለውን ሳጥን) ገዝቼ፣ የእማዬን መርፌ አጣምሜ ዛሬ ገና መተንፈሴ ነው። ምክር አልፈልግም። ብሶቴን ላውጣው ብቻ።

ቤታችን ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። አንድ የኢንተርኔት መስመር፣ አምስት ሰው። መስመሩ ለክፉ አይሰጥም። ጉድ የሚፈላው ታናሽ ወንድሜ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ መጫን ሲጀምር ነው። ያኔ እማዬ ውጭ አገር ካለችው እህቷ ጋር በኢሞ እያወራች ከሆነ አለቀ። የአክስቴ ፊት አፏን እንደከፈተች ደርቆ ይቀራል። እማዬ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ «ሃሎ! ሃሎ! ትሰሚኛለሽ?» እያለች በረንዳ ትወጣለች። ድምጿ እኮ ያለ ኢሞም ባሕር ይሻገራል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱን የምለጥፈው መስመሩ ላይ ነበር። በኋላ ሳነብ ግማሹ ጥፋት የሮውተሩ ሆኖ አገኘሁት። ርካሽ ሮውተር የሚላከውን ሁሉ እየተቀበለ ሆዱ ውስጥ ያጉራል። የወንድሜ ቪዲዮ ቀድሞ ከገባ የእማዬ ድምፅ ከኋላው ይሰለፋል። ወፍጮ ቤት አንዱ አሥር ኩንታል ጤፍ ጭኖ ቀድሟችሁ ሲገባ፣ እናንተ አንዲት ቁና ሽሮ ታቅፋችሁ እንደምትቆሙት ማለት ነው። ለዚህ መድኃኒት አለው፤ ኤስኪውኤም ይባላል። ወረፋውን ያሳጥርና ቁና የያዘውን ቀድሞ ያሳልፋል። ችግሩ፣ ፋብሪካው ሮውተራችን ላይ በጫነው ሶፍትዌር ውስጥ የለም። ሶፍትዌሩ ራሱ ማሻሻያ ካገኘ ዓመታት አልፈውታል። በቀን ሦስቴ ነቅለን ካልሰካነውም አይሠራም።

ስለዚህ የፋብሪካውን አንስቼ ኦፕንደብሊውአርቲ የሚባል ሌላ የሮውተር ሶፍትዌር ልጭን ወሰንኩ። ነፃ ነው፣ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የተሠራ ነው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ታሪኩም ደስ ይላል። ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ 54ጂ የሚባል ሮውተር ይሸጥ ነበር። ሰዎች ውስጡ ሊኑክስ እንዳለ ደረሱበት። የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ «ለሌላ ሰው ካከፋፈልከው ኮዱንም አውጣ» ይላል። ተጨቅጭቀው ተጨቅጭቀው እ.ኤ.አ. በ2003 ኮዱ ወጣ፤ በዓመቱ ኦፕንደብሊውአርቲ ተወለደ። ስሙ ራሱ ከዚያ ሮውተር የመጣ ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው ጭቅጭቅ ማራኪ ድረስ መጥቶ ለእማዬ ኢሞ ሊደርስላት ነው ብዬ ተደሰትኩ።

ደስታዬ ሮውተሩን ገልብጬ ከሥሩ ያለውን ስቲከር እስካነብ ድረስ ነበር።

ይሄን ያላወቃችሁ እወቁ። የሮውተር ስም ምንም አይደለም፤ ዋናው ቨርዥኑ፣ ማለትም ስንተኛው ዙር ምርት መሆኑ ነው። ስሙ አንድ፣ ካርቶኑ አንድ፣ አንቴናው አንድ ሆኖ ውስጡ ሌላ ነው። አንዱ 8 ሜጋባይት ፍላሽ (ሶፍትዌሩ የሚቀመጥበት) እና 64 ሜጋባይት ራም (ሲሠራ የሚጠቀምበት) አለው። ሌላው 4 እና 32 ነው። ሜጋባይት ነው የምላችሁ፣ ጊጋ አይደለም። ስልካችሁ ላይ ያለች አንዲት ፎቶ የማትገባበት ነገር! ኦፕንደብሊውአርቲ ደግሞ ባለ 4ቱን ትቶታል። የመጨረሻ የሆናቸው 19.07 የሚባለው እትም ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘጋ። የእኛው ስንት ይመስላችኋል? 4።

ፒያሳ ወረድኩ። ባለ ሱቁን ያንኑ ሞዴል፣ ባለ 8ቱን ቨርዥን ስጠኝ አልኩት። ካርቶኑን ከመደርደሪያ አውርዶ አቧራውን በክንዱ እየጠረገ፣

«ያው ነው» አለኝ።

«ያው አይደለም፤ ገልብጬ ስቲከሩን ልየው።»

«የታሸገ ዕቃ አይከፈትም የኔ ወንድም። ደግሞ ሁሉም ያው ነው፤ ዋይፋይ ነው!»

እኔም ሞኝ፣ አዲስ ስለሆነ ይሻላል ብዬ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ገለበጥኩት። ቨርዥኑ አዲስ ነው፤ አዎ። ውስጡ ግን 4 እና 32። ከአሮጌው ቨርዥን ያነሰ! አዲሱን አሳንሶ በዚያው ስም መሸጥ ምን ይባላል? በርበሬ ላይ ቀይ አፈር የምትቀላቅል ነጋዴ ብትያዝ ሰፈር አያስገቧትም።

መመለስ አይቻልም፤ «ተከፍቷል»። በማግስቱ አራዳ ስልክ ከሚጠግን ልጅ ያገለገለ ባለ 8 አገኘሁ። ያ ልጅ ይባረክ፤ ሳልጠይቀው ገልብጦ አሳየኝ።

አሁን መጫን ነው። ፋይሉን አወረድኩ፤ ስድስት ሜጋባይት አካባቢ ናት። በትክክል መውረዷን አረጋገጥኩ። ከላፕቶፑ ጋር በገመድ አገናኝቼ የሮውተሩን የማሻሻያ ገጽ ከፈትኩና ፋይሏን መርጬ ተጫንኩት። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። «መብራቱን እንዳታጠፋ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ይሄን የጻፈው ሰውዬ መብራት የሚጠፋው ሰው ሲያጠፋው ብቻ የሆነበት አገር ነው የሚኖረው።

መጀመሪያ ያወቅኩት በፍሪጁ ነው። ጉርር ማለቱን አቆመ። ከዚያ የጎረቤት ልጆች «ሄደ!» ብለው ጮኹ። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው እንደበራ ነው፤ መቶኛው 61 ላይ ቆሞ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ።

መብራት የመጣው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሰካሁት። አንዲት መብራት በርታ ቀረች። ዋይፋይ የለም፣ ገጽ አይከፍትም፣ ምንም። ፈረንጆቹ እንዲህ ሲሆን «ጡብ ሆነ» ይላሉ። እኛ ጎንደሬዎች እንኳን የምናውቀው ድንጋይና ኖራ ነው፤ ይሄ ደግሞ ለግንብም አይሆን።

ደግነቱ ሮውተር እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። ቡትሎደር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ለብቻዋ ተቀምጣለች፤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ እሷ ትተርፋለች። በእኛው ሞዴል እሷን ለመቀስቀስ ላፕቶፑን 192.168.0.66 የሚል የኔትወርክ አድራሻ ትሰጡታላችሁ። የፋብሪካውን ሶፍትዌር ፋይል እሷ የምትፈልገውን ስም አውጥታችሁለት፣ በቲኤፍቲፒ (ፋይል ማቀባበያ ቀላል ዘዴ ነው) እንዲወሰድ አዘጋጅታችሁ ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ ሪሴት የምትባለውን ቁልፍ ጠቅ አድርጋችሁ እንደያዛችሁ መብራቱን መሰካት ነው። አንድ እጅ ለሪሴት፣ አንድ እጅ ለሶኬት፣ ዓይን ላፕቶፑ ላይ። ሪሴቷ ያለችው ሽንቁር ውስጥ ነው። ስክሪብቶ አይገባም፣ ክብሪት ይሰበራል። የእማዬን የስፌት ሳጥን ከፍቼ ትልቁን መርፌ አወጣሁ።

አንድ። ሁለት። አምስት። ሰባተኛው ላይ እማዬ ከእንቅልፏ ነቅታ ነጠላዋን እንደተከናነበች በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን ስትሠራ ነው ልጄ በዚህ ሌሊት?»

«ዋይፋዩን ነው እማዬ።»

«በመርፌ?»

ስምንተኛው ላይ ፋይሉን ሳበው። መብራቶቹ ተራ በተራ ሲበሩ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ወደ ፋብሪካው ሶፍትዌር ተመለሰ እንጂ ገና አልጫንኩም። እንደገና ልጫን ስል እጄ ተንቀጠቀጠ። በማግስቱ የዩኤስቢን 5 ቮልት ወደ 9 ቮልት የሚያነሳ ገመድ ፈልጌ ሮውተሩን ከፓወር ባንክ ላይ ሰካሁት። አሁን መብራት ቢሄድ የራሱ ጉዳይ። በእርግጥ በዚያ ቀን መብራት አልጠፋም። ለኔ ሲባል ነው መሰለኝ።

ተጫነ። ግን ዋይፋዩ የለም! ላቤ መጣ። ለካስ ኦፕንደብሊውአርቲ ሲጫን ዋይፋዩን ዘግቶ ነው የሚነሳው፤ በገመድ ገብተህ፣ የይለፍ ቃል አውጥተህ፣ ራስህ መክፈት አለብህ። ከፈትኩት። ስልኮቹ ተገናኙ። ኢንተርኔት ግን የለም።

ይሄኛው ሁለት ሰዓት በላኝ። ኦፕንደብሊውአርቲ ራሱን 192.168.1.1 ብሎ ይጠራል። መስመሩ የገባበት ሞደምም ራሱን የሚጠራው 192.168.1.1 ብሎ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት በሮች! ደብዳቤው በየትኛው ይግባ? «ያው ነው» ያለኝ ሰውዬ ትዝ አለኝና በሌለበት ሰደብኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነትም ያው የሆነ ነገር ባገኝ እሱም ጠላቴ ሆነ። የሮውተሩን 192.168.2.1 አደረግኩት። ወዲያው ሠራ።

ኤስኪውኤሙን ከመስመሩ ፍጥነት አሥር በመቶ ቀንሼ ሞላሁት። ለወንድሜ «በል ጫን» አልኩት። ጫነ። ለእማዬ «በይ ደውይ» አልኳት። ደወለች። አክስቴ አፏ ከድምጿ ጋር እየተንቀሳቀሰ ስለ ልጇ ሠርግ አርባ ደቂቃ አወራች። እማዬ በረንዳ አልወጣችም።

ስልኩን ዘግታ መጣችና ሮውተሩን አየችው። «ይሄን ሁሉ ለፍተህ? ያው ነው እኮ!» አለች። ዝም አልኩ። ከዚያ የስፌት ሳጥኗን ከፍታ መርፌዋን አወጣች። በመስኮቱ ብርሃን አየቻት፤ ጫፏ ተጣሟል። እስካሁን አልማረችኝም።