ለቅጠል ቀማሾቻችን የቀረበ ውዳሴ

ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ካናቢስን በሕግ ከፈቀደች ወዲህ ሻጮቿ ለየዝርያው የሚጽፉት መግለጫ ቅኔ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አንዱ ሎሚ ሎሚ ይሸታል፤ ሌላው የጥድ ሙጫ። ይህኛው ሰውነት ያፍታታል፤ ያኛው ሐሳብ ያፈልቃል። ለሎሚው ሽታ ሊሞኒን የሚባለውን፣ በሎሚና በብርቱካን ልጣጭ ውስጥም ያለውን ውህድ ምስክር ይጠራሉ። እኛ አገር ካናቢስ ክልክል ስለሆነ በዚህ ጥበብ ወደ ኋላ የቀረን የመሰለው ሰው ካለ፣ ከቀትር በኋላ ጎንደር ብቅ ይበል። ጫት አልተከለከለም፤ ቀማሾቻችንም ኬሚስት አያስፈልጋቸውም።

ፒያሳ አካባቢ ካሉት ጫት ቤቶች በአንዱ የማውቃቸው ጋሼ በኮባ የተጠቀለለውን እስር እንደተቀበሉ አይፈቱትም። በመዳፋቸው ይመዝኑታል። የኮባውን ጫፍ ገለጥ አድርገው አፍንጫቸውን ያስገባሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ አንድ ቀንበጥ መዘው ግንዱን በጥፍራቸው ጫር ያደርጋሉ።

«ልጄ፣ ይህ የትናንት ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ነው ከባሕር ዳር የገባው!»

«የገባው ዛሬ ነው፤ የተቆረጠው ትናንት ነው። እንዲያውም ወረታ ላይ መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር።»

ልጅቷ ዝም አለች። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ከአንዲት ቅጠል ላይ ማንበብ ቀላል ችሎታ አይደለም። ሳይንሱም ከጋሼ ጋር ነው። የምርቃናው ዋና ምንጭ የሆነው ካቲኖን ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ጉልበቱ ወደሚያንሰው ወደ ካቲን እየተለወጠ ይሄዳል፤ ኮባውም፣ የሾፌሮቹ ጥድፊያም ለዚሁ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ካቲኖንን ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ጋሼ በጥፍራቸው ጨረሱት። ልጃቸው ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ሲጠየቁ ግን «እናቱን ጠይቋት» ይላሉ። ሊቅ ሁሉን ማወቅ አይጠበቅበትም።

ጣዕሙን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። ጫት ይመራል፤ በውስጡ ያለው ታኒን አፍን ጭምድድ ያደርጋል። ቀማሾቻችን ግን «ማር ነው!» ሲሉ እሰማለሁ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያች ሰዓት ጉንጫቸው ውስጥ ስኳር አለ።

ወደ ውጤቱ ስንደርስ ብዕሬ ይርበተበታል። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ቆርቁረው ግንባቸውን ለማስነሣት ድንጋይ፣ ኖራና የስንት ሰው ጉልበት አስፈልጓቸዋል። የእኛዎቹ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው ይገነባሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዘዞ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል ይታሰባል። ዘጠኝ ተኩል ላይ ስምንት ፎቅ ይሆናል፤ ከሰሜን ተራሮች የሚመለሰውን ቱሪስት ማን ያስተናግደው? ዐሥር ሰዓት ላይ ጣና ላይ ጀልባ ይገዛል። እኔ በታደምኩበት ጉባኤ ክርክሩ የጦፈው በሊፍቱ ጉዳይ ነበር። አንዱ ሁለት ይበቃል ሲል፣ ሌላው ለሻንጣ ብቻ ሦስተኛ ካልተጨመረ አክሲዮኔን እሸጣለሁ ብሎ ከፍራሹ ተነሣ። አስታራቂ ገባ። ሊፍቱ ሦስት ሆነ። የባንክ ብድሩ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ፤ ከባንኩ በኩል የተገኘ ሰው ስላልነበረ ተቃዋሚ ከየት ይመጣል? ሲወጡም የሆቴሉ ዋና ባለአክሲዮን የጫቱን ሒሳብ እስከ ነገ እንድትታገሣቸው ሻጯን ለመኗት።

አመሻሹ ላይ ደግሞ ሌላ በረከት አለ። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይታዘዛል፤ ቢራ ወይም አረቄ። በአንድ ቀን ለመንቃትም ለመደንዘዝም የሚከፍል ዜጋ ለንግዱ ማኅበረሰብ ያለው ፍቅር በምን ይለካል! ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ቅጠሉን ስትከለክል ይህን ፍቅር አላሰበችበትም።

ስለ ሽታውና ስለ ለጋነቱ እስኪመሽ የሚያስተምሩን ሊቃውንት አንድ ነገር ላይ ብቻ ቃላቸው ያጥራል። እህል አልወርድ ይላል፤ ልብ ይደልቃል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ እንቅልፍ ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ያድራል። የሆድ ድርቀቱ «መጠነኛ ምሬት ያለው፣ ቆይታው ረጅም» ተብሎ ሲወደስ ሰምቼ አላውቅም። ያልቃሙ ለታ የሚመጣው ዱካክ፣ ያ ቅዠቱ፣ የየትኛው አካባቢ ቅጠል ላይ እንደሚበረታ የሚነግረንም የለም። እዚህ ላይ ትሕትናቸው ይበዛል። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት፤ ሐኪም ለማማከር ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ሩቁ ከፍራሹ እስከ በሩ ያለው ነው።

ተማሪዎቹንም ላመስግን። በፈተና ሰሞን «ለጥናት ነው» ብለው ይገባሉ። ሌሊቱን ሙሉ አንዷን ገጽ በሦስት ቀለም ያሰምሩባታል፤ ጠዋት ፈተናው ከሌላ ገጽ ይመጣል።

ጉባኤው ሲበተን ገረባው ተጠርጎ ደጅ ይወጣል፤ የሰፈሩ ፍየሎችም ይሰበሰቡበታል። አንዷም ቀድማ ስታሸት አላየሁም፤ የትናንት ይሁን የዛሬ ሳትጠይቅ በልታ ወደ ጉዳይዋ ትሄዳለች።