ዜሌንካን በገዛ ስሙ እንጥራው

ስለ ቼካዊው የባሮክ ዘመን (በአውሮፓ ከ1600 እስከ 1750 ገደማ) የሙዚቃ ደራሲ ያን ዲስማስ ዜሌንካ የሚጽፉ ብዙዎች ስሙን እንደጠሩ በዘመኑ ከነበረው ከታላቁ ጀርመናዊ፣ ፕሮቴስታንት የሙዚቃ ደራሲ ከዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ጋር እያነጻጸሩ «ካቶሊኩ ባኽ» የሚል ቅጽል ያክሉበታል። ለሙገሳ የታሰበ ቢሆንም ሰውየውን በሌላ ሰው ጥላ ሥር ስለሚያስቀምጠው ቅጽሉ ሊቀር ይገባል ባይ ነኝ።

ዜሌንካ እ.ኤ.አ. በ1679 በቦሂሚያ፣ በብላኒክ ተራራ ግርጌ በምትገኘው ሎውኖቪትሴ ተወለደ። በ1710 ገደማ በጀርመኗ ድሬስደን ቤተ መንግሥት የተቀጠረው በኮንትራባስ (ወፍራም ድምፅ ባለው ትልቅ ባለ አውታር መሣሪያ) ተጫዋችነት ነበር፤ ይህም በድርሰቶቹ ላይ የሚታወቅ ይመስለኛል። በ1720ዎቹ መጀመሪያ፣ በአብዛኛው ለሁለት ኦቦና ለባሱን (ቀጭንና ወፍራም ድምፅ ላላቸው የትንፋሽ መሣሪያዎች) በጻፋቸው ስድስት ሶናታዎች፣ ማለትም የመሣሪያ ድርሰቶች፣ ውስጥ፣ በዘመኑ ልማድ ዜማውን ከሥር ደግፎ ከመያዝ ብዙም የማያልፈው ወፍራም ድምፅ ከቀጫጭኖቹ ጋር እኩል ይሽቀዳደማል።

በ1738 የጻፈው «ሚሴሬሬ» ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ማንነቱን ይገልጻል። ቃሉ በእኛ ዘንድ «ተሣሃለኒ እግዚኦ» ተብሎ የሚደገመው የዳዊት 50ኛ መዝሙር ነው። ገና ሲጀምር ወፍራም ድምፅ ያላቸው መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ምት ያለ ፋታ ይመታሉ፣ ኦቦዎቹ ከላይ እርስ በርስ እየተጋጩ ያቃስታሉ፣ ከዚያም መዘምራኑ ምሕረትን በለሆሳስ ሳይሆን በጩኸት ይጠይቃሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ፍሬስኮባልዲ ከዚያ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ባሳተመው ሥራ ላይ የተመሠረተ፣ የረጋ የጥንት ስልት ነው። እንዲህ ያለውን ድፍረት ለማድነቅ የባኽን ስም መጥራት ለምን ያስፈልጋል?

የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ሹም ሃይኒሸን በ1729 ሲሞት የቤተ ክርስቲያኑን ሥራ በአመዛኙ የተሸከመው ዜሌንካ ሆኖ ሳለ፣ ሹመቱ በኦፔራ (በዘፈን በሚቀርብ ተውኔት) ዝናው ለገነነው ለሙዚቃ ደራሲው ሃሰ ተሰጠ። ዜሌንካ በ1733 ቢያመለክትም ያገኘው የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ደራሲነት ማዕረግ ብቻ ነበር። በ1745 ሲሞትም ቤተ መንግሥቱ ድርሰቶቹን ቆልፎ ያዘ፤ ሊያሳትም የፈለገው ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቴሌማን እንኳ በ1756 በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ አማሯል። ለመረሳቱ ዋነኛው ምክንያት እንግዲህ ከባኽ ማነሱ ሳይሆን ቁልፉ ነው።

ባኽማ ያከብረው እንደነበር ልጁ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል በ1775 መስክሯል፤ ሌላው ልጁ ቪልሄልም ፍሪደማንም ከዜሌንካ «ማኒፊካት» (የእመቤታችን ማርያም የምስጋና ጸሎት) የመዝጊያውን አሜን በእጁ ገልብጧል። የሙዚቃ ዝግጅት አሰናጆችም ሥራዎቹን የባኽ ማሟሻ ማድረጋቸውን ትተው አንድ ሙሉ ምሽት ሊሰጡት ይገባል።